በእርቅ የጠፋ ጽሑፍ

ሰው ተጣልቶ ንብረቱን ሲያጣ ሰምታችኋል። እኔ ግን ታርቄ ነው ያጣሁት። ይህን ሳወራ የሚስቁ አሉ፤ አንዳንዴ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ልጄ ትዝ ትለኛለች። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ካገኛችሁት ለእኔም ንገሩኝ፤ እኔ እስካሁን አላገኘሁትም።

ባንቺአምላክ እባላለሁ። ያኔ መተማ ቆላ፣ ሽንፋ መምህርት ነበርኩ። ያደግሁት አዘዞ ነው። በዲፕሎማ ተቀጥሬ ወደ ቆላ ስወርድ “ትንሽ ሠርተሽ ትዛወሪያለሽ” ብለውኝ ነበር፤ ትንሹ እንደ ሰሊጥ ማሳ ዳር አልነበረውም። እዚያው አገባሁ፣ እዚያው ወለድኩ። ባሌ ሥራ ፍለጋ ወደ ሱዳን ተሻገረና በዚያው ቀረ። ልጄ ማኅሌት ዳዴ ማለት ትታ መሮጥ ስትጀምር ወባ ያዛትና ጭንቅላቷ ላይ ወጣ። ከሞት ስትተርፍ ሐኪሙ፣ “ይቺን ልጅ ከፈለግሻት ወደ ደጋ አውጫት” አለኝ። አዘዞ ለእናቴ ሰጥቻት ብቻዬን ተመለስኩ።

በዓመት ሁለቴ ባያት ነው። አፏን ስትፈታ እናቴን “እማዬ” አለቻት። እኔን የሰፈሩ ልጆች ሲጠሩኝ ሰምታ “እትዬ ባንቺ” አለችኝ። እናቴ ልታርማት ስትሞክር፣ “ተያት፣ አብረን ስንኖር ራሷ ታርመዋለች” አልኩ። አፌ እንዲያ ይበል እንጂ ለብቻዬ ስሆን አልቅሻለሁ።

አብሮ ለመኖር የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ዲግሪ። አዘዞ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ “በመስከረም ዲግሪሽን ይዘሽ ከመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ ካልመጣሽ ሌላ እቀጥራለሁ” ብሎኛል። የክረምቱን ትምህርት ጨርሻለሁ። የቀረው የመመረቂያ ጽሑፌን በሐምሌ መጀመሪያ ማስረከብ ብቻ ነው። ማኅሌት በዚያው መስከረም አንደኛ ክፍል ልትገባ ነበር። በስልክ፣ “ትምህርት ቤት ሲከፈት እኔና አንቺ አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው” አልኳት። ትንሽ አሰበችና “እማዬስ?” አለችኝ።

ጽሑፌ ተማሪዎች በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ለምን ከትምህርት እንደሚቀሩ ነበር። ኅዳር ላይ ክፍሌ ግማሹ ባዶ ይሆናል። እኔም ማሳ ለማሳ እየዞርኩ ልጆቹንም ወላጆቹንም፣ ለአጨዳ ከየአገሩ የመጡትን ሠራተኞችም ጠየቅሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ወረቀት ምስጥ በላብኝ። ካርቶኑን ስከፍት ከላይ ያለው ወረቀት ደህና ነበር፤ ሳነሳው ሥሩ አፈር ሆኗል። በሚቀጥለው አጨዳ እንደገና ስጠይቅ ታዲያ ምስጥ የማይበላው ነገር ፈለግሁና ላፕቶፕ ገዛሁ።

የገዛሁት ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ሞባይልና ራዲዮ፣ ጄኔሬተርና የእጅ ባትሪ ከሚሸጠው ከአቶ መላኩ ሱቅ ነው። ከደብተር እምብዛም የማትበልጥ ጥቁር ላፕቶፕ ነበረች። እሱም እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ አቀበለኝና፣ “መምህርት፣ ዋስትናዋ አንድ ዓመት ነው። ምን ብትሆን እኔ አለሁ” አለኝ።

አቧራ እንዳይገባባት የዳንቴል ልብስ ሠራሁላት። ፍላሽ የሚባል ነገር ግን አላስጠጋሁባትም። በዚያ ዘመን ከኮምፒዩተር ቤት የተመለሰ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ይዞ ነበር የሚመጣው፤ የባልደረባዬ የፈተና ጥያቄዎች እንዲያ ነው የጠፉት። ልጄን ከወባ እንዳራቅሁ ላፕቶፔን ከፍላሽ አራቅኋት። ስለዚህ ጽሑፌ ያለው እሷ ውስጥ ብቻ ነበር።

ግንቦት ላይ፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ እየጻፍኩ ሳለ መብራት ብልጭ ድርግም አለና ላፕቶፔ ጥቁር አለች። ብጫናት፣ ባራግብላት፣ ጥላ ሥር ባስቀምጣት ወይ ፍንክች። በነጋታው በመጀመሪያው መኪና ገንዳ ውሃ ገባሁ።

አቶ መላኩ አገላብጦ አያትና፣ “ይሄ የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ የአስመጪው ነው። ይኸው ስልካቸው፣ ደውይ” አለኝ።

“ምን ብትሆን እኔ አለሁ ብለኸኝ አልነበር ጋሽ መላኩ?”

“አለሁ እኮ፤ ስልኩን ማን ሰጠሽ?”

ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አዲስ አበባ ደወልኩ። አንዲት ለስላሳ ድምፅ፣ “እንደምን ዋሉ፣ ምን ልርዳዎት?” አለችኝ። ከመብራቱ ጀምሬ እስከ ሐምሌው ቀን ድረስ ነገርኳት። “ይጠብቁ፣ ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፍዎታለሁ” አለችና ሙዚቃ ከፈተችልኝ። ሙዚቃው ካርዴን ጨረሰው። ሌላ ካርድ ፍቄ ስደውል ሌላ ልጅ አነሳች፤ ከመጀመሪያው እንደገና ነገርኳት።

“በአካል ይዘውት መምጣት ይችላሉ?” አለችኝ።

“እህቴ፣ ያለሁት መተማ ነው። ሱዳን ድንበር።”

“እሺ፤ ከሥራ ሰዓት በፊት ቢደርሱ ይሻላል፣ ወረፋ አለ።”

በረንዳው ላይ ሙቀቱ ምላሴን አደረቀው። ተስፋ ቆርጬ ለመጨረሻ ጊዜ ስደውል ስልኩን ያነሳው አንድ የጥገና ባለሙያ ሆነ፤ ልጆቹ ምሳ ወጥተዋል መሰለኝ። እሱ ሰማኝ። የቱ መብራት እንደበራ፣ ምን ድምፅ እንዳሰማች ጠየቀኝ።

“እህቴ፣ ጽሑፍሽ የጠፋ አይመስለኝም። የተቃጠለው ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነው። እኛ ዘንድ ከደረሰች አወጣልሻለሁ” አለኝ። “ግን ሁለት ነገር ስሚኝ። አንደኛ፣ ማንም እንዳይከፍታት። አንዳንዱ ጠጋኝ ነኝ ባይ ቶሎ እንድትነሳለት ብሎ ውስጧን ጠራርጎ ያጠፋዋል። ሁለተኛ፣ የዋስትና ካርዷ ላይ የሻጩ ማኅተም መኖር አለበት። ያለዚያ እኔ ብፈልግም በር ላይ ይመልሷታል።”

ካርዱን ገልብጬ አየሁት። የማኅተሙ ቦታ ባዶ ነበር። ቢሆንም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ ከአንድ ማኅተም በቀር የቸገረኝ ነገር አልነበረማ።

“ማኅተሙ ወንድሜ ዘንድ ነው” አለ አቶ መላኩ። “ለትራክተር ጉዳይ አብርሃ ጅራ ከተማ ሄዷል። ነገ ነይ።”

አንዲት የማውቃት ነርስ ቤት አደርኩና በነጋታው ሄድኩ።

“አልመጣም።”

“መቼ ነው የሚመጣው?”

“ሲመጣ ነዋ፣ መምህርት። እኔ ሰው ነኝ፣ ምን ላድርግ?”

ቅዳሜ ነበር፤ ገበያው ሰው በሰው ሆኗል። ላፕቶፔን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስለማላውቅ ነበር የቆምኩት። በዚህ መሀል አንድ ገበሬ መጥቶ የሞባይል ዋጋ ጠየቀ። አቶ መላኩ ሞባይሏን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ፣ “ዋስትናዋ አንድ ዓመት ነው። ምን ብትሆን እኔ አለሁ” አለው።

ደሜ ፈላ። “አትመነው” አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። “ሌባ ነው። አታሎ ነው የሚሸጠው።”

ገበያው ዞሮ አየን። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አቶ መላኩ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ የሱቁን ቆርቆሮ በር ጎተተና ቆለፈው። ላፕቶፔ እዚያው ባንኮኒ ላይ ናት።

“ዕቃዬን ስጠኝ” አልኩት።

“ሌባ ዘንድ የገባ ዕቃ እንዲህ በቀላል አይወጣም” አለኝ። “ሽማግሌ ላኪ። እስከዚያ አላውቅሽም።” ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

በእኛ አገር እንዲህ ከተባለ ሌላ መንገድ የለም። ልክሰሰው ብል በገበያ መሀል የሰደብኩት እኔ ነኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው ወደ ሁለት ሰዎች ሮጥኩ። አንዱ መምሬ ሞላ ናቸው፣ የነርሷ ንስሐ አባት። ሌላው አያ ታደገ ናቸው፤ ልጃቸውን ሽንፋ ያስተማርኩላቸው የሰሊጥ ገበሬ። ሁለቱም ከልባቸው አዘኑልኝ። “እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንጨርሰዋለን፤ አይዞሽ” አሉኝ።

እሑድ ከኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አቶ መላኩ ነጭ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

“በሉ፣ ነገሩን ከሥሩ እንስማው” አሉ መምሬ ሞላ። “ባንቺ፣ ምን ብለሽ ሰደብሽው?”

“መምሬ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከላፕቶፑ ነው። ማኅተም...”

“ዕቃው ይደርሳል። መጀመሪያ ሰው።”

“ሌባ ብለሽዋል?” አሉ አያ ታደገ።

“ብያለሁ።”

“በገበያ መሀል?”

“በገበያ መሀል።”

አያ ታደገ ከንፈራቸውን መጠጡ። አቶ መላኩ ቀና አለና፣ “አያ ታደገ ያውቁኛል። ከወሎ ስመጣ ከለበስኩት ሸሚዝ በቀር ምንም አልነበረኝም። ለሰው እጅ ሳልዘረጋ ነው እዚህ የደረስኩት። ልጆቼ በዚያ ገበያ ነው የሚያልፉት። ትላንት ትንሹ ‘አባባ፣ ሌባ ነህ እንዴ?’ አለኝ” አለ። እንባው ወረደ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አዘንኩለት። የልጅ አፍ እንዴት እንደሚያቆስል እኔ ነኝ የማውቀው። ተነስቼ ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ሳልደርስ ቀና አደረገኝ። ተቃቅፈን ተላቀስን። መምሬ ሞላ መስቀላቸውን አወጡና አሳለሙን፤ “ከእንግዲህ ይህን ነገር መልሶ የሚያነሳ ቢኖር ከእኛም ከእግዜርም ይጣላል” ብለው ዘጉት። አሜን አልን።

ላፕቶፔን ልጠይቅ አፌን ስከፍት አቶ መላኩ ቀደመኝ።

“እኔም ወንድምነቴን ላሳይ” አለ። “ማኅተም ምን ያደርጋል? አዲስ አበባ ደርሳ እስክትመለስ ክረምት ይገባል። የእህቴ ልጅ ጎንደር ኮምፒዩተር ይጠግናል። በእኔ ወጪ አሠርቼ ቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ።”

ሽማግሌዎቹ ፊታቸው በራ። “ተባረክ” አሉት።

“ጋሽ መላኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ” አልኩ። “ግን ማንም እንዳይከፍታት ብለውኛል። እኔ ማኅተሙ ይበቃኛል።”

አያ ታደገ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አሳረፉና፣ “ምነው ልጄ? አሁን ታርቀሽ አሁን መልሰሽ አላምንህም ትይዋለሽ?” አሉኝ።

“አላምነውም አላልኩም አያ ታደገ። ውስጧ ያለው ጽሑፍ...”

“ልጄ” አሉ መምሬ ሞላ በለሆሳስ፣ “እርቅ ግማሽ የለውም።”

ሦስቱንም አየኋቸው። ከመካከላቸው አንድ ክፉ ሰው ቢኖር ኖሮ እጮህ ነበር። ግን ሁሉም በፍቅር ነበር የሚያዩኝ። በደግ ሰዎች መሀል ብቻህን ክፉ መሆን እንዴት ይከብዳል መሰላችሁ። “እሺ” አልኩ። “ብቻ ጽሑፉን እንዳይነካው ንገርልኝ ጋሽ መላኩ። እባክህን።”

“ተማም፣ እነግረዋለሁ። ኸላስ፣ አለቀ” አለኝ፤ ድንበር ላይ የለመደው ዐረብኛ ደስ ሲለው ይቀድመዋል።

ሽንፋ ተመለስኩ። ስልክ የሚሠራው ከትምህርት ቤቱ ኋላ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ስለነበር ከክፍል ወጥቼ እዚያ እሮጣለሁ። “ወደ ጎንደር በአውቶቡስ ሾፌር ልኬልሻለሁ” አለኝ አቶ መላኩ። “የልጁን ስልክ ስጠኝ” ስለው፣ “እየሠራ ነው፤ ባትረብሽው ይሻላል። ደግሞ ተጠራጠርሽኝ?” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

አንድ ቀን እዚያው ቆሜ ሳለሁ ማኅሌት ደወለች፤ እናቴ ደውላ ሰጥታት ነው።

“እትዬ ባንቺ፣ አልጋው ትልቅ ነው?” አለችኝ።

“ትልቅ ነው።”

“ሦስት ሰው ይይዛል?”

“ይይዛል” አልኳት። ሦስተኛዋ ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ከጥቂት ቀን በኋላ አቶ መላኩ ራሱ በሞተር ሳይክል ሽንፋ ድረስ መጣ። ስኳርና ለስላሳ ጭኗል። ጎረቤቶቼ፣ ስለ እርቁ ሰምተው ስለነበር፣ ተሰበሰቡ። ላፕቶፔን ከላስቲክ ውስጥ አወጣት። ተወልውላ ታበራለች። የዳንቴል ልብሷን ሳይቀር ሚስቱ አጥባ ተኩሳዋለች።

“ክፈቻት” አለኝ።

ከፈትኳት፤ በራች። የሚያምር የፏፏቴ ሥዕል መጣ። ዘፈን ተጭኖባታል፣ የልጆች ጨዋታ ተጭኖባታል። የጽሑፌን ቦታ ፈለግሁ። ባዶ ነው። ሌላ ቦታ ፈለግሁ። የማሳዎቹን ስም አንድ በአንድ እየጻፍኩ ፈለግሁ። ጣቴ ቁልፎቹ ላይ ሲሮጥ ጎረቤቶቼ ከደስታ መሰላቸው።

“ጋሽ መላኩ፣ ጽሑፉስ?”

“የቱ?” ስልኩን አወጣና ታንከሩ ዘንድ ሄደን የእህቱ ልጅ ዘንድ ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተው። “አጎቴ” አለ ልጁ፣ “ምን የቀረ ነገር አለ? እንድትነሳ ብዬ ውስጧን ሙልጭ አድርጌ አጽድቼ እንደ አዲስ ጫንኩባት። ደግሞ ቫይረስ ይኖርባታል፣ ማን ያውቃል።”

“ሰማሽ?” አለኝ አቶ መላኩ ፈገግ ብሎ። “ሙልጭ አድርጎ።”

አልገባውም ነበር። ፊቱ ላይ ተንኮል ፈለግሁ፤ ቢኖርበት ደስ ይለኝ ነበር። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ አቧራ፣ በገዛ ነዳጁ መጥቶ ደስታዬን ሊያይ የቆመ ሰው ነው። ዓይኑ ትንሽ ሲደነግጥ አየሁና፣ “ምነው፣ ቅር አለሽ?” አለኝ።

አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥኩት። መልሶ የሚያነሳ ይጣላል ተብሎ አሜን ተብሏል። ብናገርስ? ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ የኅዳር ማሳ በግንቦት አይገኝም፤ የጠየቅኋቸው ሠራተኞች እያንዳንዳቸው ወደየአገራቸው ተበትነዋል።

“የለም ጋሽ መላኩ” አልኩ። “እግዜር ይስጥልኝ።”

ጎረቤቶቼ እልል አሉ። ለስላሳው ተከፈተ፤ እኔም ጠጣሁ።

በማግስቱ ለወጉ ያህል አዲስ አበባ ደወልኩ። ያ ባለሙያ የለም። ለስላሳዋ ልጅ ሁሉንም ከመጀመሪያው ከሰማችኝ በኋላ፣ “በሌላ ሰው የተከፈተ ዕቃ ዋስትናው ይሰረዛል፣ አዝናለሁ። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?” አለችኝ።

“የለም” አልኳት።

በዚያ ዓመት አልተመረቅሁም። በመስከረም ርእሰ መምህሩ እንዳለው ሌላ ሰው ቀጠረ። ማኅሌትን አንደኛ ክፍል ያስገባቻት እናቴ ናት፤ መመዝገቢያው ላይ “እናት” የሚለው ቦታ የማን ስም እንደተጻፈ አልጠየቅሁም። አልጋው ዘንድሮ እንደማይሆን ስነግራት፣ “እሺ እትዬ ባንቺ” አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ ቢያንስ ትፈልገኛለች ብዬ እጽናና ነበር። በሚቀጥለው ኅዳር ማሳ ለማሳ ዞሬ እንደገና ጠየቅሁ፣ ጻፍኩ፣ ተመረቅሁ፤ ሌላ ቦታ እስኪገኝ ደግሞ ጠበቅሁ። አዘዞ የገባሁት ማኅሌት አራተኛ ክፍል ስትደርስ ነው።

አቶ መላኩ በየበዓሉ እስከ ዛሬ ይደውልልኛል። “ላፕቶፗ እንዴት ናት?” ይለኛል። “ደህና ናት” እለዋለሁ። በሰው ፊት ስሜን ሲያነሳ “የታረቅኋት እህቴ” ነው የሚለኝ አሉ። ልጠላው ሞክሬ አቅቶኛል።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ብልሃት የለኝም። ቅጂ አስቀሩ ልበላችሁ? እሱንማ ዛሬ ሕፃንም ያውቀዋል። በእኔ ላይ የተለወጠው ሌላ ነው፤ “እሺ” የሚለው ቃል አፌ ላይ ከብዷል። ሰው ደግ ሊያደርግልኝ ሲነሳ ቆይ፣ እኔ የምፈልገው ይህን ነው፣ ሌላ አይደለም እላለሁ። ደረቅ ሆነች ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ሽማግሌ ሆናችሁ የምትቀመጡም፣ ከማስታረቃችሁ በፊት ያቺ ከፊታችሁ የቆመች ሴት ምን እንደምትፈልግ እስከ መጨረሻው ድረስ ስሟት። እኔ ያልጨረስኩትን አንድ ዐረፍተ ነገር የሰማኝ ሰው ቢኖር ይበቃኝ ነበር።

ላፕቶፗ ቆላ ያሳየችኝን መከራ ሁሉ ረስታ አዘዞም ሠርታለች። ማኅሌት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአቶ መላኩ የእህት ልጅ በጫነባት ጨዋታ ትጫወት ነበር። በመጣሁ ሰሞን አንድ ቀን ወጥ ቤት ሆኜ፣ “እማዬ፣ እማዬ፣ ነይ፣ ጥቁር አለችብኝ” ብላ ስትጣራ ሰማሁ። ሽንኩርቱን ጥዬ ሮጥኩ። እናቴም ከውጭ እየተቻኮለች ገባች። ማኅሌት ላፕቶፗን አቅፋ በአጠገቤ አለፈችና ለእናቴ ሰጠቻት።

እናቴ ኮምፒዩተር ነክታ አታውቅም። ገልብጣ አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ መልሳ ለልጅቷ ሰጠቻትና፣ “እኔ ምን አውቄ፤ ለእናትሽ ስጫት” አለቻት።

ማኅሌት ላፕቶፗን እንደታቀፈች መሀል ቤት ትንሽ ቆማ አሰበች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።